ምዕራፍ 7፦ ከመጀመሪያው መለኪያ በፊት ወስን

የጠጣ ሁሉ በማግስቱ ሽማግሌ አይልክም። አንዱ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ፣ ተጫውቶና መርቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው ከዚያው ጋን ተቀድቶለት፣ ሲነጋ የሰደበውን ሰው ይቅርታ ይለምናል፤ የገባውን ቃል እንዴት እንደሚያጥፍ ያሰላስላል። መጠጡ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ግን ሳይጠጣም ችኩል ነበር።

ችኩልነት ብዙ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዋይትሳይድና ላይናም የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ4 ለይተው አስቀምጠውታል፦ ሳያመዛዝኑ መወሰን፣ የያዙትን ሳይጨርሱ መተው፣ አዲስና ልብ የሚሰቅል ነገር ማሳደድ፣ እንዲሁም ስሜት ሲግል በዚያው ግለት አንድ ነገር ማድረግ። መጀመሪያ የታሰበው ንዴትና ኀዘን የሚገፋው ችኩልነት ነበር፤ ቆይቶ ደስታ የሚገፋውም ተጨመረበት። ልብ የሚሰቅል ነገር የሚወድ ሰው ወደ መጠጡ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጠብ፣ ዕዳና አደጋ ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው ስሜቱ የሚገፋው ሰው ነው።

በዋግ ኽምራ ኀዘኑም ደስታውም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ከተማ ድረስ ዘልቋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ በሰቆጣ ዙሪያ ተጠልሎ ነበር። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ዘመዱን ያጣ ሰው ሌሊቱን ለማሳጠር አረቄ ቢቀምስ አልፈርድበትም። እውነቱን ግን ልንገረው፦ አረቄ እንቅልፍ ቶሎ ቢያመጣም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይበጠብጣል፤ ኀዘኑም በማግስቱ ከነወለዱ ይመለሳል።

ስለ ኀዘን ሁሉም ያውቃል። የሚያዘናጋን ደስታ ነው። አንድ የማውቀው የፍየል ነጋዴ አለ፤ ስሙ ይቆይ። ከአበርገሌ በኩል ፍየል እየነዳ ሰቆጣ ገበያ የሚያወጣ፣ ቃሉ የሚታመን፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ፍየሎቹ በጥሩ ዋጋ ተሸጡለት። ደስ ብሎት አረቄ ቤት ጎራ አለ። ሦስተኛው መለኪያ ላይ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ለብድር ዋስ አጥቶ መቸገሩን አጫወተው። "ለዚህ ነው የምትተክዘው? እኔ አለሁልህ!" አለና እዚያው ወረቀት አስመጥቶ ፈረመ። ሲመሽ እንደሱው ከጠጣ ወዳጁ ሞተር ኋላ ተፈናጠጠ። ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ወደቁ፤ እግሩ ተሰበረ። ተኝቶ ሲያገግም ተበዳሪው ጠፋ፤ ቀሪዎቹ ፍየሎች ለዋስትናው ተሸጡ። ሚስቱ ለሁለት ዓመት የሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ልጆቿን አበላች።

ልብ በል፤ ይህ ሰው በንዴት አልጠጣም፤ ሰካራም የሚባልም አልነበረም። ፊርማውም ሞተሩም የመጡት ከደስታው ነው። በየሰርጉ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትስ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?

መጠጥ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ስቲልና ጆሴፍስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳብራሩት፣ አልኮል የሰውን ትኩረት ያጠባል። የጠጣ ሰው ፊቱ ያለው ይታየዋል፤ ራቅ ያለው ይሰወረዋል። ለነጋዴው የታየው የተቸገረው ሰው ፊት ነው፤ የሚስቱና የልጆቹ ፊት አልታየውም። እንግዲህ ሳይጠጣም ሩቁን ማየት የሚከብደው ችኩል ሰው ሲጠጣ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በወጣት ይብሳል፤ ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ዕድሜ 20ን እስኪያልፍ ድረስ እድገቱን አይጨርስም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። የቢራ ማስታወቂያም በዚሁ አዋጅ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወርዷል። አረቄ ግን መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል? ተማሪ ደብተሩን እንደያዘ አረቄ ቤት ሲገባ "ስንት ዓመትህ ነው?" የሚለው ማን ነው? አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምረውን እናት አልወቅስም፤ ሌላ እንጀራ አላሳየናትም። የምወቅሰው እንግዳውን "በሞቴ ድገም!" እያለ የሚያስጨንቀውን ባለ ድግስና፣ እምቢ ያለውን "ወንድ አይደለህም" የሚለውን ጎረምሳ ነው። የልጆቹስ ነገር? በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል በሰቆጣ ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። የልጁ ገንፎ ሊሆን የሚችለው እህል ጌሾና ብቅል ገብቶበት አረቄ ሲሆን ግን ዝም እንላለን።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። አንደኛውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምንበት የአዳር ሕግ ነው። ሽማግሌዎቻችን ነገር ሲጋጋል "በቀጠሮ ይታይ" ብለው ያሳድሩታል፤ የተቆጣ ሰው ዛሬ ከሚፈርድ ነገ ቢፈርድ ይሻላል ከሚል ብልሃት ነው። አንተም ለራስህ ሽማግሌ ሁን። አንድ መለኪያ አፍህ ከገባ በኋላ እስኪነጋ የማታደርጋቸው አምስት ነገሮች ይኑሩህ፦ አትፈርም፤ ገንዘብ አታበድር፤ አትንዳ፣ የጠጣ ሰው በሚነዳውም አትሳፈር፤ መሣሪያ አትንካ፤ ከማታውቀው ሰው ጋር አትተኛ። በስካር ኮንዶም እንደሚረሳ፣ ኤች አይ ቪ ግን እንደማይረሳ አስታውስ።

ይህን በልብ ማሰብ ብቻውን አይበቃም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንዳሳየው፣ "እጠነቀቃለሁ" ከማለት "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ የበለጠ ይሠራል። ስለዚህ ቃሉን አዘጋጅ፦ "ዋስ ሁነኝ ሲሉኝ፣ ባለቤቴን ሳላማክር አልፈርምም እላለሁ።" "ድገም ሲሉኝ፣ መለኪያዬን በእጄ እከድናለሁ።" ከቤት ሳትወጣ ለሚስትህ ወይም ለታመነ ወዳጅህ ጮክ ብለህ ተናገረው። ምስክር ያለው ቃል አይታጠፍም። አልችልም አትበል፤ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን አረቄ የማይቀምስ ስንት ሰው አለ! የሚችል ሰው ነህ፤ የጎደለህ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ሁለተኛ፣ የሽያጭ ገንዘብህን ቤት ሳታደርስ ወይም ባንክ ሳታስገባ ወደ መጠጥ ቤት አትግባ።

ሦስተኛ፣ በባዶ ሆድ አትጠጣ።

አራተኛ፣ ልኩን እወቅ። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ጉበት ደግሞ በሰዓት የሚያስወግደው 10 ግራም ያህል ነው። ቡናም ሎሚም ይህን አያፋጥኑትም።

አምስተኛ፣ ራስህን መርምር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ፤ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ካመጣህ ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገር። ጠዋት ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥና ካልጠጣህ የማይረጋጋ ከሆነ ግን በራስህ ድንገት አታቋርጥ፤ የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪሙንም አማክር፤ አይጣሉም። በአገራችን መጠጥ የጎዳው ሰው አብዛኛው ርዳታ አይፈልግም፤ ከሚያስቀሩት ነገሮች አንዱም እፍረት ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በዚህ ሳምንት ሰርግ ወይም ማኅበር ተጠርተህ ከሆነ፣ አምስቱን ክልከላዎች ዛሬውኑ በወረቀት ጻፍና ለቤተሰብህ አንብብላቸው። አንተም ጋባዥ ከሆንክ "ይበቃኛል" ያለውን እንግዳ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀህ ተወው።