ቀብድ ላክ ሲልህ

ቆይ፣ ብሩን ገና አትላክ። ስልኩን ወደ እኔ ዘንበል አድርገውና ከላይ ጀምረን አብረን እናንብበው።

ለቮልስህ ካርቡራተር እንደምትፈልግ ቴሌግራም ላይ የጻፍከው ትናንት ማታ ነው። ጠዋት አንድ የማታውቀው ሰው በውስጥ መስመር መጣና «እኔ የለኝም፣ ግን አንድ ሰው ጋ አይቻለሁ፣ በዚህ ቁጥር ደውልለት» አለህ። እዚህ ላይ ቁም። የድሮ መኪና ወዳጆችን የሚያጠምዱ አጭበርባሪዎች በጣም የሚወዱት በር ይሄ ነው። «እፈልጋለሁ» ያለውን ሰው ፈልገው ይመጣሉ። አንተ ደግሞ ሞዴሉን፣ ቁጥሩን፣ ምን ያህል ፈልገህ እንዳጣኸው ሳይቀር ዘርዝረህ ነግረሃቸዋል፤ ለእነሱ የቀረው «አለኝ» ማለት ብቻ ነው። ጠቋሚውና ሻጩም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው።

ጉጉትህ ይገባኛል። ኤምደን ያለው የጀርመኑ ፋብሪካ ቮልስ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ በ2003 ወጥታለች። አዲስ የሚሠራ መለዋወጫ ባይጠፋም ኦሪጅናሉን ሶማሌ ተራ ስትዞር ውለህም ላታገኘው ትችላለህ። ስለዚህ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ ጣልና ላስቀምጥልህ» ሲልህ እጅህ ወደ ቴሌብር ይሮጣል። እሱ የሚሸጥልህ ያንኑ ችኮላህን ነው። ዕቃውን አንተ ወይም የምታምነው ሰው በእጁ ሳይነካው አንድ ብር እንዳይወጣ። ሊወስደው የመጣ ሌላ ሰው ካለም ይውሰደው።

እስቲ ፎቶዎቹን ክፈታቸው። የመጀመሪያው ላይ ዕቃው የተቀመጠው ሴራሚክ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ላይ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ሦስተኛው ላይ ሣር። ብርሃኑም አይገጥምም። አንድ ሰው አንዲት ካርቡራተር ይዞ ሦስት ቦታ እየዞረ ያነሳል? እያንዳንዱን በጉግል ሌንስ ፈልገው፤ ከሌላ አገር ማስታወቂያ የተነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣልሃል። ባይወጣም ልብህ አይረፍ፤ ከዝግ ቡድን ውስጥ የተወሰደ ፎቶ ፍለጋ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ከዚያ ቪዲዮ ጠይቀው፤ ስምህንና የዛሬን ቀን በወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ ያድርግ። ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ዛሬ ፎቶ ላይ ጽሑፍ መጨመር ለማንም ቀላል ነው። አንተ የፈለግከው 34 ፒክት 3 ነው አይደል፣ ለ1600 ሞተር የሚሆነው? አካሉ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር አስጠግቶ ያሳይህ፤ ሶሌክስ ይላል፣ ብራዚል የተሠራው ደግሞ ብሮሶል። ቀጥሎ የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ የሚጎትተውን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘው። ዘንጉ ከተበላ በጎኑ አየር ያስገባል፣ ሞተሩም ሚኒሞ አልይዝ ይላል፤ መካኒክህም መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ይሄን አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቀርጾ ይልካል። የሌለው ሰው «ኔትወርክ የለም»፣ «ካሜራው ተበላሽቷል»፣ ቀጥሎም «ካላመንከኝ ተወው» ይልሃል። ቁጣው ሲመጣ ደስ ይበልህ፣ መልስህን አግኝተሃል።

መታወቂያውን ልኮልኛል ነው ያልከኝ? የላከው የሌላ የተዘረፈ ሰው መታወቂያ ሊሆን ይችላል። አንተም የራስህን እንዳትልክለት፤ ነገ በአንተ ስም ሌላውን ያታልልበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ነኝ ካለህ ነገሩ ቀላል ነው። በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ከተቻለ ጋራዥ ውስጥ ተገናኙ፤ መካኒክህን ይዘህ ሂድ፣ ዕቃውን እይ፣ እዚያው ቆመህ ክፈል። በንግድ ባንክ ስታስተላልፍ ከማረጋገጥህ በፊት የባለ ሂሳቡ ስም ይወጣል። ስሙ ከሰውየው ስም ካልገጠመ «የወንድሜ ሂሳብ ነው» ቢልህም አታረጋግጥ።

ይሄኛው ግን አሜሪካ ነኝ ብሏል፤ የእኛ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። አንተ ዶላር ስለሌለህ ሜሪላንድ ላለችው የአክስታችን ልጅ ትደውላለህ፣ እሷም አንተን ላለማሳፈር ዜል በሚባለው የባንክ መላኪያ ትልክለታለች። በዜል የሄደ ገንዘብ፣ ላኪዋ ራሷ ፈቅዳ ልካዋለችና፣ ዕቃው አልመጣም ብሎ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፔይፓል ይሻላል፣ ግን «ለቤተሰብና ለወዳጅ» በሚለው መንገድ ከላከች የገዢ ዋስትናው አይሠራም። «ለዕቃና ለአገልግሎት» በሚለው ትክፈል፤ እንዲህ ከሆነ አቤቱታ ለማቅረብ 180 ቀን አላት። ሻጩ ኮሚሽኑን ካማረረ እናንተ ጨምሩለት፤ ያቺ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ታድናለች። ከሁሉም የሚሻለው እሷ ወይም የምታምነው ሰው ሄዶ ማየቱ ነው። ቨርጂኒያ ነኝ ካለ ሩቅ አይደለም። «ዘመዴ ቅዳሜ መጥታ በእጇ ትከፍልሃለች» በለውና ዝም ብለህ ጠብቅ። እውነተኛ ሻጭ ደስ ይለዋል፣ ፖስታ ቤት ከመሄድ ተገላገለ።

እሷንም አስብልኝ። የምትልከው በሰዓት ተቀጥራ ያገኘችውን ነው፣ ቢጠፋም አፍ አውጥታ አትጠይቅህም። ለዚህ ነው እኔ የምቆጣህ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ «ዕቃህ ጉምሩክ ተይዟል፣ ቀረጡን በዚህ ስልክ ላክ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ቀረጥ በግለሰብ ስልክ አይከፈልም። የመላኪያ ቁጥር ሰጥቶህ ከሆነ ቁጥሩን በላኪው ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ ፈትሸው፣ ሰውየው በላከልህ ሊንክ አትግባ።

ምናልባት ከእኔ ደብቀህ ቀብዱን ልከህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ አልጮህብህም። መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውል፤ ገንዘቡ ገና ካልወጣ የሚያግዱበት ዕድል አለ፣ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ግን ይጠባል። የተጻጻፋችሁትን አታጥፋ፤ እሱ በበኩሉ ሊያጠፋው ስለሚችል ስክሪን ሾት አንሳና ከደረሰኙ ጋር ይዘን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። ነገሩን ቡድኑ ውስጥ ስትጽፍ ደግሞ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ ክፍያ ብቻ» የሚል ሌላ ሰው በውስጥ መስመር ይመጣል። ለእሱ መልስ አትስጠው፤ ዝም ብለህ ዝጋው።