የቢአይኤም ኮኦርዲኔተር ሆነው ሲመደቡ ምን ይሠራሉ?

አንድ ጂ+12 ሕንፃ ሲነደፍ አርክቴክቱ፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ፣ የሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ባለሙያዎች የየራሳቸውን ሞዴል ይሠራሉ። እነዚህን ሞዴሎች አንድ ላይ አገናኝቶ፣ የሚጋጩበትን ቦታ ለይቶ፣ ኮንክሪት ሳይሞላ መፍትሔ እንዲያገኙ የሚያደርገው የቢአይኤም (የሕንፃ መረጃ ሞዴል) ኮኦርዲኔተሩ ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ የግጭት መፈተሻውን ሶፍትዌር ናቪስወርክስን ከፍቶ ግጭት መቁጠር ይመስላል። ውጤቱ የሚወሰነው ግን ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት በሚደረጉ ስምምነቶች ነው፤ ከሁሉም በላይ ሞዴሎቹ ከየት ተነሥተው እንደሚለኩ በሚደረገው ስምምነት። ከታች ካሉት እርምጃዎች ሦስተኛው ከሌሎቹ የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ብዙ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት እሱን ነው።

1. ድርሻዎን ይለዩ

የቢአይኤም ማናጀሩ የድርጅቱን አሠራር ያወጣል፣ ሞዴለሩ ሞዴሉን ይሠራል፣ ኮኦርዲኔተሩ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሙያዎቹን ያገናኛል። የሌላውን ሙያ ሞዴል በራስዎ እጅ አያርሙ። አንድን ቧንቧ አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ቁልቁለቱን ያሰላው መሐንዲስ ካላወቀው ግን በሚቀጥለው ፋይል ቧንቧው ወደ ነበረበት ተመልሶ ያገኙታል፤ የንድፉ ኃላፊነትም ሳያስቡት ወደ እርስዎ ይዞራል። ችግሩን ያሳዩ፣ መፍትሔ ይጠቁሙ፣ እርማቱን ለባለቤቱ ይተዉ።

2. የአሠሪውን ፍላጎትና የአፈጻጸም ዕቅዱን ያንብቡ

አሠሪው የትኛውን መረጃ፣ በምን ያህል ዝርዝር፣ መቼ እንደሚፈልግ ካላወቁ የሚፈትሹበት መለኪያ የለዎትም። የዓለም አቀፉን ደረጃ የአይኤስኦ 19650ን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች (በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡትን) ያንብቡ። ፋይል በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ ለሥራ የጸደቀና በመዝገብ የተቀመጠ ተብሎ የሚለየው በእነሱ ነው። ብሪታንያ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ ቢአይኤምን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላስገደደች፣ ዱባይም በትላልቅ ሕንፃዎች ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለጠየቀች፣ ይህን አሠራር አዲስ አበባ ተቀምጦ የተማረ ባለሙያ እዚያም ሄዶ ይሠራበታል።

3. መነሻ ነጥቡን አስማምተው ያጽድቁ

እዚህ ላይ በፍጹም አይቸኩሉ። ሌላው ስህተት ሁሉ በየቦታው ይታረማል። መነሻ ነጥብ ግን ሞዴሎቹ ካደጉ በኋላ ሲነካ ሥዕሎቹ፣ የከፍታ ምልክቶቹና የተላኩት ፋይሎች ሁሉ አብረው ይናጋሉ።

ሬቪት በተባለው የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ሦስት ነጥቦች አሉ፦ የማይንቀሳቀሰው ውስጣዊ መነሻ፣ የፕሮጀክቱ መነሻ ነጥብና የቅየሳ ነጥብ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ከቀያሹ የመጣው ቁጥር እንዳለ ተወስዶ ሕንፃው በዚያ ርቀት ላይ ሲሠራ ነው። አዲስ አበባ ያለችው በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። የሰሜን ቁጥሯ ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ከምድር ወገብ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሬቪት ደግሞ የሚሠራው ነገር ከውስጣዊ መነሻው በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። ከዚያ ሲርቅ መስመሮች ይሰባበራሉ፣ ልኬት ትክክለኛነቱን ያጣል። ስለዚህ ሕንፃውን ከውስጣዊ መነሻው አጠገብ ይሥሩ፤ የመሬቱን ቁጥር የሚሸከመው የቅየሳ ነጥቡ ይሁን።

ቀያሹን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁት፦ በሕንፃው ተቃራኒ ማዕዘኖች ያሉ የሁለት ግሪድ መገናኛዎች ኮኦርዲኔት፣ የቤንች ማርኩ ከፍታ፣ ቁጥሮቹ የተለኩበት ዳተም (የመለኪያ መሠረት)። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እርስዎ እንዳይዘነጉት። በአገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በራሱ የሚሰጠው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ቦታ በሁለቱ ሲለካ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። የዚህ ስህተት ክፋቱ በግጭት ፍተሻ አለመታየቱ ነው። ሞዴሎቹ ሁሉ እኩል ስለተዛወሩ እርስ በርስ ልክ ይገጥማሉ። ስህተቱ የሚገለጠው የሕንፃውን ፍሳሽ ከመንገዱ መስመር ጋር ለማገናኘት የከተማውን ካርታ ሲያስገቡ ነው፤ ያኔ ሥዕሉ ጸድቆ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ሲደርሱ አንድ የሳይት ፋይል ያዘጋጁ። የቀያሹ የካድ ሥዕል በሜትር ይሁን በሚሊ ሜትር ያረጋግጡ፤ ከተምታታ መሬቱ አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል ወይም ይገዝፋል። ከዚያ የሕንፃውን ሞዴል ሳይት ፋይሉ ውስጥ ሊንክ አድርገው በግሪዱ ያስተካክሉት፣ ወደ እውነተኛው ሰሜን ያዙሩት፣ ኮኦርዲኔቱን ይስጡት። ሌሎቹ ሙያዎች ሁሉ ከዚሁ አንድ ፋይል ይውሰዱ። አንዱ ከአርክቴክቱ፣ ሌላው ከስትራክቸሩ እየተዋሰ የሚሄድበትን መንገድ ከሥሩ ይዝጉት።

አሁን ይፈትኑት። እያንዳንዱ ሙያ በሁለቱ ግሪድ መገናኛዎች ላይ፣ በዜሮ ከፍታ፣ ትንሽ ኩብ ያስቀምጥና ፋይሉን ይላክልዎ። ሁሉም ኩቦች በትክክል አንድ ላይ ካረፉ ይቀጥሉ። በአንድ ኩብ ብቻ አይርኩ። አንዱ ኩብ መንሸራተትን ያሳያል፤ ሞዴሉ ዞሮ እንደሆነ የሚናገረው ሁለተኛው ነው።

የመጨረሻው ወጥመድ ከፍታው ነው። የአርክቴክቱ ዜሮ ብዙውን ጊዜ ያለቀለት ወለል ነው፤ የስትራክቸሩ ዜሮ ደግሞ የሶሌታው ራስ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው የፊኒሺንጉ ውፍረት፣ አምስት ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር፣ አለ። ሞዴሉ አንድ ኪሎ ሜትር ከራቀ ወዲያው ያዩታል። አሥር ሳንቲ ሜትር ከተዛባ ግን ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የግጭት ዝርዝሩ በሙሉ ግን ሐሰት ይሆናል። እውነተኛ ግጭቶች ይደበቃሉ፣ የሌሉት ይወጣሉ፣ የስብሰባ ጊዜ በከንቱ ይባክናል። ዜሮው ምን እንደሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ሁሉንም የሙያ ኃላፊዎች ያስፈርሙ።

እኔ የምመርጠው አቋራጭ አለ። ማንም ሥራ ሳይጀምር ግሪዱን፣ ወለሎቹን፣ ኮኦርዲኔቱንና ሁለቱን ኩቦች የያዘ ባዶ ፋይል አዘጋጅቼ ለሁሉም አድላለሁ። ሁሉም ያንን በራሱ ስም አስቀምጦ ከጀመረ አብዛኛው ጣጣ አይፈጠርም። በሌላ ሶፍትዌር የሚሠራ ካለ ያው ፋይል የተለያዩ ሶፍትዌሮች በሚያነቡት የፋይል ዓይነት፣ በአይኤፍሲ፣ ይላክለት።

4. የመጣውን ፋይል ሳይፈትሹ አያገናኙ

የፋይሉ ስም፣ ቀኑ፣ የወለሎቹ ከፍታ፣ የተደጋገሙ አካላት፣ ከሌላ ሙያ ተቀድተው የቀሩ ግድግዳዎች ይታዩ። ጉድለት ካለው ምክንያቱን ጽፈው ይመልሱ።

5. የግጭት ፍተሻውን በቅደም ተከተል ያካሂዱ

ሁሉን ከሁሉ ጋር አያጋጩ። በሺዎች የሚቆጠር ውጤት ይመጣል፤ ማንም አያነበውም። መጀመሪያ አርክቴክቸርን ከስትራክቸር፣ ቀጥሎ ደክትና ቧንቧን ከኮንክሪቱ፣ በመጨረሻ የአገልግሎት መስመሮቹን እርስ በርስ ያነጻጽሩ። አካል አካልን የሚነካበትን ግጭት ለብቻ፣ ለጥገና ወይም ለኢንሱሌሽን የሚያስፈልግ ክፍተት የጠፋበትን ለብቻ ያውጡ። በአንድ ቢም ላይ የሚያልፉ አሥር ቧንቧዎች አሥር ችግሮች አይደሉም፤ አንድ ላይ ቡድን ያድርጓቸው።

የቱ ለየቱ ቦታ ይልቀቅ የሚለውንም አስቀድመው ያስወስኑ። በራሱ ቁልቁለት የሚወርድ ፍሳሽ እንደልብ አይነሣም። በአንድ በመቶ ቁልቁለት 12 ሜትር የሚሄድ ቧንቧ 12 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያ ቦታ ከሌለ መንገዱ መቀየር አለበት። ከእሱ ቀጥሎ ትላልቅ ደክቶች፣ ከዚያ ኬብል ትሬዮች፣ ከዚያ የውኃ ቧንቧ፣ በመጨረሻ ኮንዲዩት ይመጣሉ። የሚታጠፈው ለማይታጠፈው ይለቃል። ፍተሻውን ከመጸዳጃ ቤት ሻፍቶችና ከቤዝመንቱ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ መስመሮቹ የሚጨናነቁት እዚያ ነው።

6. ስብሰባውን ለውሳኔ ያድርጉት

ዝርዝሩን ከሁለት ቀን በፊት ይላኩ። ቀላሉን በስልክ ይጨርሱ፤ ወደ ስብሰባ የሚመጣው ውሳኔ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን። በዕድሜና በልምድ የሚበልጥዎ መሐንዲስ ፊት «ሞዴልዎ ተሳስቷል» ከማለት «ኢንጂነር፣ ይህን ቢም ዝቅ ካላደረግን ደክቱ አያልፍም፤ እርስዎ የቱን ይመርጣሉ?» ማለት ይሻላል። እሱን ማክበር ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው ከባለሙያው አፍ እንዲወጣ ያደርጋል። እያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ባለቤትና አንድ ቀን ይኑረው። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ጉዳይ ባለቤት የለውም። ጉዳዮቹን በቢሲኤፍ ፋይል ከላኩ ባለሙያው በራሱ ሶፍትዌር ከፍቶ በቀጥታ ግጭቱ ላይ ይደርሳል።

7. ውሳኔውን ሳይት ያድርሱ

ፎርማኑና ፌሮ ሠራተኛው ሞዴል አይከፍቱም። የሚያዩት የታተመ ሥዕል ነው። ስለዚህ በሶሌታና በቢም ውስጥ የሚያልፉ የቧንቧ ቀዳዳዎች ቦታና መጠን የያዘ የስሊቭ ሥዕል ለእያንዳንዱ ወለል ያውጡ። ሥዕሉ ካሳፎርማው ተመትቶ ፌሮ ከመታሰሩ በፊት ይድረስ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚመጣ ስሊቭ በኮር ድሪል ይሠራል፤ ያኔ ፌሮ ሊቆረጥ ይችላል፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱም አይፈቅድም። የሙሌቱን ፕሮግራም ከሥራ ተቋራጩ ወስደው የፍተሻዎን ቀናት ከእሱ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የትኛው ወለል መቼ እንደሚሞላ የማያውቅ ኮኦርዲኔተር ሥራው በጥራት ቢያልቅም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

8. ችሎታዎን በዚህ ቅደም ተከተል ያሳድጉ

መጀመሪያ የሁሉንም ሙያ ሥዕል ማንበብ ይማሩ። ቀጥሎ ሬቪትን ወይም አርኪካድን፣ ከሁለቱ አንዱን፣ በጥልቀት ይያዙ። ከዚያ ናቪስወርክስ ወይም ሶሊብሪ ይጨምሩ። የአይኤፍሲን አላላክም ይወቁ፤ ብዙ መረጃ የሚጠፋው በመላክ ጊዜ ነው። ሳይት መውጣትን ደግሞ እንደ ሥራዎ አካል ይቁጠሩት። አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ቫልቭ ለመፍታት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚያስፈልገው ቆሞ ያላየ ሰው፣ በሞዴሉ ላይ የሚያስቀምጠው ክፍተት ግምት ነው። ከሰው ጋር መነጋገር፣ የተስማሙበትን በጽሑፍ ማስቀመጥና ቀን ማስከበር የዚህ ሙያ ግማሽ ናቸው።

ሥራዎን በተገኘው የግጭት ብዛት አይለኩ፤ ከሙሌት በፊት በተዘጋው ይለኩ። የሚቀጥለው ፕሮጀክትዎ ገና እየተጀመረ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለቀያሹ ይደውሉና ዳተሙን ይጠይቁት። የመነሻ ነጥቡ ገጽ በሁሉም ሳይፈረም አንድም ግጭት አይፈትሹ።