ሁለት ቀን ሮጠህ የት ጠፋህ?



ሰኞ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጫማህን አስረህ ወጣህ። አርባ ደቂቃ ሮጥክ። ማክሰኞ እግርህ እየተሳሰረም ቢሆን ደገምከው። ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስ «ቅዳሜ አካክሰዋለሁ» አልክ። ይኸው ሁለት ወር አለፈ፤ ጫማው አልጋ ስር አቧራ ለብሷል። (እህቴ፣ «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ላንቺም ነው።)

ነገሩን አውቀዋለሁ። እኔም የሦስት ወር የጂም ክፍያ በአንዴ ከፍዬ ዘጠኝ ቀን ብቻ የሄድኩ ሰው ነኝ። ብሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ያኔ ወኔ ያነሰኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የጣለኝ ወኔው ከልክ በላይ ሞልቶ መጀመሬ ነው።

የዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ) ታሪክ ታውቀው ይሆናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በወጣትነቱ ቀኑን ሁሉ ሊጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ሊሰግድ ለራሱ ቃል ገባ። ወሬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። ይህን እንደማይዘልቀው ነገሩት፤ ሰውነቱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ዓይኑም ሚስቱም ሐቅ እንዳላቸው አስታወሱት። በወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። እሱ ግን ከዚያ በላይ እንደሚችል እየተናገረ ቁጥሩን ከፍ አስደረገው፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን በማፍጠር፣ በነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጾም ላይ ቆመ።

ዓመታት አለፉ። አረጀ፣ ጉልበቱም ደከመ። ያኔ ያቺን የነቢዩን ማቅለያ ተቀብያት በነበር ብሎ ተመኘ። ያም ሆኖ የያዘውን አልተወም፤ አቅም ሲያጣ ተከታታይ ቀናት ያፈጥርና ኋላ ቆጥሮ ይተካቸው ነበር።

እርግጥ ይህ ስለ ዒባዳ ነው። ግን ነፍስ ያችው ነፍስ ናት፤ በሙቀት የተሸከመችውን ስትበርድ ትጥለዋለች። ስለዚህ ልክህን ወኔህ በሞላበት ቀን አትለካው። ፈተና ባለብህ፣ እንቅልፍ ባጣህበት፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ስንት ደቂቃ ትችላለህ? አሥር? በል ከአሥር ጀምር። ሌላው ከዚያ በላይ ትርፍ ነው። አንድ ቀን ካመለጠህም በማግስቱ እጥፍ ለመሥራት አትሞክር፤ አሥሯን ሠርተህ ቀጥል።

ደግሞ ሰዓቱን ከሶላት ጋር እሰረው። ስሜት ይመጣል ይሄዳል፤ አዛን ግን በየቀኑ አለ። ሱብሒን ሰግደህ ስትወጣ ከባዱን ነገር፣ ከብርድ ልብስ መውጣቱን፣ ጨርሰኸዋል። ሐዲሱ እንደሚነግረን ሸይጧን በተኛ ሰው ላይ የሚቋጥራቸው ሦስቱ ቋጠሮዎች በዚክር፣ በውዱእና በሶላት ተፈትተዋል፤ ሰውየውም ንቁ ሆኖ ነው የሚያነጋው። ይህን ንቃት ይዘህ ተመልሰህ መተኛት ያስቆጫል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብዙ ይመስላል አይደል? ከሱብሒ ስትመለስ ረዘም ባለው መንገድ 20 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ብትራመድ በሳምንት 140 ይሆናል። የጁሙዓን መልስ 20 ደቂቃ ጨምርበት፤ 160 ገባህ። ወደ ሶላት ስትሄድ ግን አትሩጥ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእርጋታ እንድንመጣ ነው ያዘዙን። ፍጥነቱ ለመልሱ ይሁን። ድርጅቱ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም ይመክራል፤ ለዚህ ከዐስር በኋላ ቤትህ ወለል ላይ ከጥቂት ፑሽ አፕ መጀመር ትችላለህ።

እህቴ፣ ስፖርት የወንዶች ነው የሚልሽ ካለ፣ አቡ ዳውድ የዘገቡትን የእናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) እሽቅድምድም ንገሪው። በጉዞ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሮጣ ቀደመቻቸው፤ ኋላ ሰውነቷ ሲጨምር በሌላ ጊዜ ቀደሟት፣ የያኔውንም እንደመለሱ በቀልድ ነገሯት። ሜዳ ካልተመቸሽ ገመድ ዝላይ አለ፣ ደረጃ መውጣት መውረድ አለ፣ ክፍልሽን ዘግተሽ የምትሠሪውም ብዙ ነው።

ስለ ኒያም አንድ ነገር ልበልህ። ለመስታወትና ለፎቶ ብለህ ከጀመርክ፣ መስታወት ለውጥ የሚያሳይህ ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ትሰለቻለህ። ተራዊሕ ላይ ጉልበትህ ሳይንቀጠቀጥ ለመቆም፣ የእናትህን ጀሪካን ተቀብለህ ደረጃ ለመውጣት ከሆነ ግን ጥቅሙን ከመስታወቱ ቀድመህ ታየዋለህ፤ ኒያህን ካሳመርክ አጅርም አለው ኢንሻአላህ።

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለስ ታክሲውን አሳልፈውና በእግርህ ግባ። ጓደኛህንም ይዘኸው ሂድ።

ጁሙዓ ሙባረክ!