ስለ ቤት ለቤት አስታማሚ ድርጅቶች የመድን ውል

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኢንሹራንስ ስንጽፍ የንግድ ትምህርት ጓደኞቻችን ይስቁብን ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ፣ በዋሺንግተን ዙሪያና በሚኒሶታ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ጥቂት የማይባሉት ሽማግሌና ሕመምተኛ በየቤቱ እየዞሩ በማስታመም ይተዳደራሉ፤ አንዳንዶቹም ድርጅት አቋቁመው ሌላውን ይቀጥራሉ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ነው እንጂ የባዕድ አይደለም።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። ሆስፒታል የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ተቈጣጣሪ አለው። የአስታማሚ ድርጅት ሥራ ግን የሚሠራው በሰው ቤት፣ በሰው ዕቃ መካከል፣ አለቃ በሌለበት ነው። አስታማሚዋ አንዲት አሮጊት ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውር አሮጊቷ ልትወድቅ፣ የራሷ የአስታማሚዋ ወገብ ሊቀጭ፣ በአጠገባቸው ያለው የሸክላ ዕቃም ሊሰበር ይችላል። እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ ሦስቱን ጉዳት የሚከፍለው ግን አንድ ውል አይደለም።

ዕቃው በጠቅላላ የኀላፊነት መድን ይታያል። ይህ ውል በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍል ነው። የአሮጊቷ መውደቅ ግን የሙያ ጉድለት ተብሎ ሊቈጠር ስለሚችል፣ ጠቅላላው ውል ብዙውን ጊዜ ይህን ከራሱ ያወጣዋል፤ ለእርሱ የሙያ ኀላፊነት መድን ያስፈልጋል። መድኀኒት ማሳሳትና በመተኛት ብዛት የቈሰለን ገላ ሳያዩ ማለፍም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁለቱን ውል ከሁለት ኩባንያ የገዛ ድርጅት፣ ነገር በመጣ ጊዜ «ያንተ ነው፤ የለም ያንተ ነው» በሚባባሉ ሁለት ኩባንያዎች መካከል ቆሞ ሊቀር ይችላል።

በሙያ ኀላፊነት ውል ላይ ጥቂት እንቈይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አቤቱታው የቀረበበትን ቀን ይጠይቃል። እንበል አንድ ድርጅት ሁለተኛውን ዓይነት ገዝቶ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ዐረቦኑን አንድም ሳያጐድል ከፈለ፤ ከዚያም ሥራውን ዘግቶ ውሉን ተወ። በ2021 የተሳሳተ መድኀኒት የተሰጠው ሕመምተኛ በ2023 ቢከስ፣ ስሕተቱ በተሠራ ጊዜ ውሉ የጸና ቢሆንም ኩባንያው አይከፍልም። አቤቱታው የመጣው ውሉ ካበቃ በኋላ ነው። ከዚህ ለመዳን ድርጅቱ ሲዘጋ የአቤቱታ ጊዜውን የሚያራዝም ተጨማሪ መድን መግዛት ነበረበት። ኩባንያ የሚቀይርም እንደዚሁ፣ አዲሱ ውል ወደ ኋላ እስከ የትኛው ቀን እንደሚደርስ አንብቦ መፈረም አለበት። ይህ አሠራር ለእኛ ጠማማ ይመስለናል፤ ዋጋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝቅ ስለሚል ግን ገዢ አያጣም።

መኪናም አለ። አስታማሚዋ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የምትሄደው በራሷ መኪና ነው። በመንገድ ሰው ብትገጭ ተጐጂው እርሷንም ድርጅቱንም ይከሳል። ስለዚህ ድርጅቱ የራሱ ላልሆነ መኪና የሚሆን የኀላፊነት መድን ይገዛል። ይኸውም ድርጅቱን ያድናል እንጂ የእርሷን መኪና አያሠራም።

ስርቆትን በተመለከተ የተለመደው ነገር ዋስትና ነው። በአገራችን ገንዘብ የሚይዝ ሠራተኛ ዋስ አምጣ እንደሚባል ሁሉ፣ እዚያም የዋስትና ኩባንያ ለደንበኛው ይቆማል። ሆኖም ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ውሎች ሠራተኛው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ አይከፍሉም፤ ዋሱም ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከሌባው ይጠይቃል።

አሁን ወደ አስታማሚዋ ወገብ እንመለስ። ለዚህ የሚሆነው የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ነው። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1911 ጸንቶ የቈየውን የመጀመሪያ የክፍለ ግዛት ሕግ ካወጣች ወዲህ ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ቴክሳስ ብቻ የግል አሠሪ በአጠቃላይ ሳይገባበት እንዲቀር ትፈቅዳለች። የሕጉ መሠረት ልውውጥ ነው። ሠራተኛው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሳያስረዳ የሕክምና ወጪውንና የደመወዙን ከፊል ያገኛል፤ በምትኩ አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን ይተዋል። ሰውን ማንሣትና ማገላበጥ የዕለት ሥራ በሆነበት ሙያ ይህ ዐረቦን ከባድ ወጪ ነው።

ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ድርጅቶች አስታማሚዎቻቸውን «ሠራተኛ» ሳይሆን «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ብለው ይመዘግባሉ። ዐረቦኑ ይቀራል። የሴትየዋ ወገብ በተቀጨ ጊዜ ግን ድርጅቱ ተቋራጭ ናት ይላል፤ ኩባንያው አላውቃትም ይላል፤ እርሷም አልጋ ላይ ሆና ኪራዩን ታስባለች። ሕጉ ግን በወረቀት የተጻፈውን ስም ብቻ አያይም። ሰዓቷን የሚወስን ማን ነው? ወዴት ሂጂ የሚላት፣ እንዴት አድርገሽ ሥሪ የሚላት፣ ዋጋዋን የሚቈርጥላት ማን ነው? መልሱ ሁሉ ድርጅቱ ከሆነ ዳኛው ሠራተኛ ናት ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ መድን የሌለው ድርጅት ካሳውን ከኪሱ ይከፍላል፤ መቀጫም አለበት። መድን ያለውም ቢሆን፣ የኩባንያው መርማሪ በዓመቱ መጨረሻ የደመወዝ መዝገቡን ሲገልጥ፣ የራሳቸው መድን የሌላቸውን ተቋራጮች ከሠራተኛ ጋር ቈጥሮ የቀረውን ዐረቦን ያስከፍለዋል።