በእጅ ስልክ ስለሚከፈል ገንዘብና ስለ ንግድ መዝገብ
በዶሎ ኦዶና በቆላው ከተሞች ላሉ የወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

ገናሌና ዳዋ የተባሉት ወንዞች ከደቡቡ ደጋ ወርደው በዶሎ ኦዶ አጠገብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወዲያ ጁባ ተብለው ወደ ሶማልያ ይፈስሳሉ። ከተማይቱ ሦስት አገሮች ከሚዋሰኑበት ሥፍራ አጠገብ ናት፤ ከወንዙ ማዶ የሶማልያዋ ዶሎ፤ በስተ ደቡብም የኬንያዋ ማንዴራ ይገኛሉ። ስለዚህ ነጋዴዋ ብርን፣ ሽልንግንና ዶላርን በአንድ ቀን እያሰላ መዋል የለመደ ነው። በዚህ አገር ስለ ንግድ ማስተማር የሚፈልግ ሹም አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበት፤ የሚያስተምረው ሰው ሒሳብ የማያውቅ ሰው አይደለምና።

በሶማሌ የከብት ገበያ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ገዥና ሻጭ፤ ወይም በእነርሱ መካከል የሚቆመው ደላላ፤ እጃቸውን በጨርቅ ሥር ሸፍነው ጣት በመጨባበጥ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ምን ያህል እንደ ተባለ አያውቅም። ደላላውም ዋጋ የሚያስማማ ብቻ ሳይኾን ከብቱ የተሰረቀ አለመኾኑን የሚመሰክር ዋስ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው «ዲጂታል» የሚባለው ቃል በላቲን ቋንቋ ጣት ከሚል ቃል የወጣ ነውና፤ የቆላው ነጋዴ ይህን ጥበብ ከብዙ ሰዎች ቀድሞ ይዞታል ቢባል ቀልድ ብቻ አይደለም። ነገር ግን በጣት የተነገረው ዋጋ በጽሑፍ አይቀርም፤ ደላላው የሞተ ወይም አገር የለቀቀ እንደ ኾነ ምስክሩም አብሮት ይሄዳል። እንግዲህ ትንንሽና መካከለኛ ንግዶች ወደ ዲጂታል ሥራ ተሻገሩ ማለት በእርግጥ ምን ማለት እንደ ኾነ የሚታወቀው ከዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም በቃልና በመታመን ይኖር የነበረው ነገር ወደ ጽሑፍ መግባቱ ነው። ስልኩ የጽሑፉ ዕቃ ነው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም።

ሕዝቡ አዲስ ገንዘብን በጥርጣሬ መቀበሉ የቆየ ነው፤ ነውርም የለበትም። በማርትሬዛ ብር ዘመን ባላገሩ በንግሥቲቱ ዘውድና በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች እየቈጠረ፤ የጐደለ ቢያገኝ ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣም ወረቀቱን ማመን በአንድ ቀን የተፈጸመ ነገር አልነበረም። ቅርብ ጊዜ ደግሞ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ፤ አዲስም የ200 ብር ኖት እንዲወጣ ኾነ። ለመለወጫው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ብዙ ገንዘብ የሚለውጥ ሰው የባንክ ሒሳብ እንዲኖረው በመጠየቁ፤ ሀብቱን ከብት ሸጦ በከረጢት የሚያኖር ነጋዴ ወደ ባንክ ለመምጣት ግድ ኾነበት። ባንክ በሩቅ ለሚገኝበት ለቆላ ሰው ይህ ቀላል መንገድ አልነበረም።

ገንዘብ ሳይሸከሙ ገንዘብ ማስተላለፍ ግን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የሶማሌ ሕዝብ በሐዋላ ከውጭ አገር ካሉ ዘመዶቹ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ በአንዱ ከተማ ያለው ወኪል በሌላው ከተማ ላለው ወኪል በሬድዮ ነግሮ፤ ተቀባዩም በዘመዶቹና በጐሣው ታውቆ ይከፈለው ነበር። በኬንያ ኤም ፔሳ የተባለው አገልግሎት በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በሶማሌ አገሮችም ዛድና ኢቪሲ ፕላስ የሚባሉት ተከተሉ። በእኛ በኩል በሶማሌ ክልል በመጀመሪያ የተስፋፋው በሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም በኩል የተሰጠው ሄሎ ካሽ ነበር፤ ተቋሙም ኋላ ሸበሌ ባንክ ኾኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ሳፋሪኮምም ኤም ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አቀረበ። ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም *127# ተብሎ ስለሚሠራ፤ ውድ ስልክ የሌለው ባለ ሱቅ ቀረብኝ የሚልበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዶሎ ኦዶ አካባቢ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂላወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት የስደተኞች መጠለያዎች ተከፍተዋል። ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና በአይኬያ ፋውንዴሽን ርዳታ በገናሌ ዳር የመስኖ እርሻ ወጥቷል፤ ስደተኛውና ባላገሩ አብረው የሚያርሱባቸው፤ ሥጋ የሚሸጡባቸው፤ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጡባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ተቋቁመዋል። እነዚህ ማኅበሮች ትንንሽ የንግድ ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህም በእነርሱ ላይ አንድ ምሳሌ እናስላ።

እንበልና አንድ ማኅበር 30 ኩንታል ሽንኩርት በኩንታል 3,000 ብር ለአንድ የነገሌ ነጋዴ ሸጠ። ጠቅላላው 90,000 ብር ይኾናል። ነጋዴው 60,000 ብር በስልክ ከፈለ፤ የቀረውን 30,000 ብር ሽንኩርቱን ነገሌ ሲሸጥ ሊልክ በቃል ተስማማ። መልእክቱ ለገንዘብ ያዡ ስልክ ደረሰ፤ ሁሉም ደስ አላቸው፤ «ከእንግዲህ ስልክ አለን፤ መዝገብ ለምን?» አሉ። ስልኩ የጻፈው ግን የገንዘቡን ልክ፣ ቀኑን፣ የላኪውን ስምና የክፍያውን ቁጥር ብቻ ነው። ስንት ኩንታል እንደ ተጫነ፤ ኩንታሉም በስንት እንደ ተሸጠ፤ ምን ያህል ዕዳ እንደ ቀረ አልጻፈም፤ ሊጽፍም አይችልም። ከሁለት ወር በኋላ ነጋዴው «የገዛሁት 20 ኩንታል ነው፤ 20 ጊዜ 3,000 ደግሞ 60,000 ይኾናል፤ መልእክቱን እዩት» ቢል፤ ስልኩ የሚመሰክረው ለእርሱ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ላለው መልእክት በሕግ ዕውቅና ሰጥቶታልና፤ ዳኛውም ያየውን ይዞ ይፈርዳል። ማኅበሩ 25 አባሎች ቢኖሩት እያንዳንዱ 1,200 ብር አጣ ማለት ነው፤ ያም ለሚመጣው ዘር መግዣ የታሰበው ሊኾን ይችላል። አስቀድሞ ሁሉ ነገር በቃል በነበረ ጊዜ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ሰምተው ያስታርቁ ነበር፤ አሁን ግን ግማሹ ተጽፎ ግማሹ በቃል ስለ ቀረ፤ የተጻፈው ግማሽ ያልተጻፈውን ይውጠዋል።

መድኀኒቱ ስልኩን መተው አይደለም። መኪናው ሳይንቀሳቀስ፤ ሽንኩርቱ በሚዛን ላይ ሳለ፤ ቀኑና የገዥው ስም፤ ክብደቱና የኩንታሉ ዋጋ፤ የተከፈለውና የቀረው በአንድ መሥመር ላይ ይጻፍ፤ በመሥመሩም ጫፍ የክፍያው ቁጥር ከስልኩ ተገልብጦ ይግባ፤ ገዥውም ይፈርም፤ መጻፍ የማይችል ከኾነ በጣቱ ያትም። ይህ ቁጥር ስልኩንና መዝገቡን የሚያስር ክር ነው። እርሱ ካለ ማንም ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመለከተ ሊመረምር ይችላል፤ እርሱ ከሌለ ግን መዝገቡ ብቻውን፤ ስልኩም ብቻውን ይቀራል። በከተማ ላለ ባለ ሱቅም ነገሩ ይኸው ነው፤ የዱቤ ደብተሩን የተወ እንደ ኾነ ስልኩ ስንት ስኳር በዱቤ እንደ ወጣ አይነግረውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያሠጋው የምስጢር ቁጥር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ቁጥሩን ለልጁ፣ ለእኅቱ ልጅ ወይም ለወኪሉ ይነግራል፤ ነገሩ ከመታመን የመጣ ስለ ኾነ በቍጣ መከልከል አይጠቅምም። በዚህ አገር ብዙ ሰው ሶማልኛን በላቲን ፊደል ያነባል፤ በአማርኛ የመጣለትን መልእክት ግን አያነብም። ቴሌብር በሶማልኛና በኦሮምኛም ስለሚሠራ፤ የሰውየውን ስልክ ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህ ጥቂት ሥራ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ማንበብ ፈጽሞ የማይችል ቢኾን እንኳ አኀዝ የማያውቅ ነጋዴ አይገኝምና፤ የምስጢር ቁጥሩን ራሱ እንዲመታ፤ ቀሪ ሒሳቡንም ራሱ እንዲያይ ማስተማር ይቻላል። የማኅበር ገንዘብ ግን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አይኑር፤ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ያለ ሁለት ሰው ፈቃድም አይውጣ።

ስደተኞችን በሚመለከት የአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራ የመሥራትና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ሰጥቷቸዋል። ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ ከኾነ ገንዘቡም በሕግ ፊት የሌላ ሰው ይመስላል፤ ስለዚህ ይህን መብት ለማኅበር አባሎች ማስረዳት የወረዳው ተግባር ነው።

ኔትዎርክ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ፤ መብራትም እንዲሁ። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ግን ወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ሲያጣ ነው። በገበያ ቀን ፍየል የሸጠ አርብቶ አደር ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ሳለ ዱቄት የሚገዛበት ብር ካጣ፤ በሚመጣው ሳምንት በስልክ አልቀበልም ይላል፤ ትክክልም ነው። አዲስ ወኪል ከመመልመል ይልቅ ያሉት ወኪሎች በገበያ ዋዜማ ጥሬ ገንዘብ መያዛቸውን መጠየቅ ይሻላል።

መዝገብ ያለው ንግድ ብድር ለመጠየቅ ይችላል። ቴሌብር መላ የተባለው ትንሽ ብድር ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ተጀምሯል። ዳሩ ግን የቆላው ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለ ኾነ ወለድን ይሸሻል፤ ይህንንም እንደ ድንቁርና የሚቈጥር ሹም ካለ ሥራውን አያውቅም። ዘምዘም የተባለው ወለድ አልባ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯልና፤ እንዲህ ያለውን በር ማመልከት ይቻላል።

በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በኦሮሚያ ኢንሹራንስ የቀረበው የከብት ዋስትናም ለዚህ ትምህርት ይጠቅማል። ካሳው የሚወሰነው የሞተውን ከብት በመቍጠር ሳይኾን፤ የሣሩን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት በመመልከት ነው። መኪና በማይደርስበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልኬቱ የሰፊውን ወረዳ አማካይ ስለሚወስድ፤ የአንዱ ሰው ከብት ሲያልቅ ካሳ ሊቀርበት ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በጐደሉበት ድርቅ ቆላው ምን ያህል ከብት እንዳጣ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ዋስትና ሲገዛ ይህን ካልተነገረው ኋላ ማሽኑን ሐሰተኛ ይለዋል፤ ሐሰተኛው ግን ሳይነግረው የሸጠለት ነው።

ባለ ሱቆች በስልክ መቀበልን የሚፈሩበት ሌላ ምክንያት ግብር ነው፤ የተጻፈ ሁሉ ለግብር ሰብሳቢ ይደርሳል ብለው ያስባሉ። ይህን አይደለም ብሎ ማታለል አይገባም። ይልቅስ መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግብሩ በግምት እንደሚቈረጥበት፤ መዝገብ ያለው ግን ዱቤውንና ኪሳራውን አሳይቶ ሊከራከር እንደሚችል በምሳሌ ይነገረው።

ሹሙ ማኅበርን ለመጐብኘት በሄደ ጊዜ ስንት ስልክ እንደ ተገዛ አይጠይቅ። ገንዘብ ያዡን ጠርቶ ያለፈውን ሳምንት ሽያጭ በአባሎቹ ፊት በቋንቋቸው ያስነብበው፤ ከመዝገቡም ሦስት የክፍያ ቁጥሮች መርጦ በስልኩ ላይ ይፈልጋቸው። ሽንኩርቱን በሚዛን ላይ የጫኑት ሰዎች በዚያ ስብሰባ መገኘት አለባቸው፤ ክብደቱን የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸውና።