የባሕር ሽፍታ ኮት ቁልፍ

ቁልፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በር የምንከፍትበት ነው። ሌላው በሸሚዝና በኮት ላይ ተሰፍቶ ልብሱን የሚገጥም ነው። ይህን ሁለተኛውን መጻሕፍት አዝራር ይሉታል። ገበያ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው ቁልፍ ነው የሚለው። እኛም እንደ ገበያው እንላለን።

ጋቢና ኩታ ቁልፍ የላቸውም። የሸሚዝ ቁልፍ ቢበጠስ ደግሞ ከገበያ አንድ ገዝቶ መስፋት ነው፤ ቀለሙ ቢለይም ማንም አይፈርድም። የቴአትር ልብስ ግን እንዲህ አይደለም። ተዋናዩ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን ሰው ሆኖ ይወጣል። ደረቱ ላይ የዛሬ ላስቲክ ቁልፍ ከተደረደረ፣ ተመልካቹ «ይሄማ የእኛ ሰፈር ሰው ነው» ብሎ ይስቃል። ጨዋታው የሚያሳዝን ከሆነ ሳቁ ሁሉን ያበላሻል።

ለምሳሌ የባሕር ሽፍታን እንውሰድ። ሽፍታ በየብስ መንገድ ጠብቆ ነጋዴ ይዘርፋል። የባሕር ሽፍታም መርከብ ጠብቆ ይዘርፋል። ይህ የሩቅ አገር ተረት ብቻ አይደለም። ቀይ ባሕር በደቡብ በኩል የሚወጣበት ጠባብ በር ባብ ኤል መንደብ ይባላል። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1695 ሄንሪ ኤቭሪ የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ሽፍታ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር እዚያ በር ላይ አድብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በጎንደር የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። ሽፍቶቹ የሚጠብቁት ወደ ህንድ የሚመለሱ መርከቦችን ነው። መርከቦቹ በሌሊት ሾልከው አለፉ። ኤቭሪ ግን ተከታትሎ በህንድ አጠገብ ደረሰባቸው። ጋንጅ ኢ ሳዋይ የተባለውን የህንድ ንጉሥ ትልቅ መርከብ ያዘ። በላዩ ላይ ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆች ነበሩ። ተዘረፉ፣ ተሠቃዩ፣ የሞቱም አሉ። ከኤቭሪ ሰዎች አንዳንዶቹ በለንደን ተሰቀሉ። እሱ ራሱ ግን ጠፍቶ ቀረ። እንዲህ ያለውን ሰው በመድረክ ስናወጣ ልጆች እንደሚስቁበት አሻንጉሊት አድርገን ማልበሳችን ልክ አይመስለኝም።

እንግዲህ ኮቱ ምን ይመስል ነበር? የዚያ ዘመን መርከበኛ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ጃኬት ነበር የሚለብሰው። ረጅም ኮት የአለቃ ወይም የባለ ገንዘብ ልብስ ነበር። ሽፍታውም ዘርፎ ይለብሰዋል። ኮቱ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ቁልፎቹ ከአንገት ጀምረው እስከ ታች ድረስ ተቀራርበው ይደረደራሉ። ሁሉም አይቆለፉም፤ ብዙዎቹ ለጌጥ ናቸው። መጠናቸው ትንንሽ ነበር፤ ትልልቅ ቁልፍ የመጣው ኋላ ነው። አንዳንዱ ቁልፍ ከነሐስ ወይም ከቆርቆሮ መሰል ብረት ይፈሰሳል። አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ እንጨት ሆኖ በጨርቅ ወይም በክር ይሸፈናል። ከበስተኋላው መስፊያ እግር ነበረው። በፊልም የምናየው የራስ ቅል የተቀረጸበት ቁልፍ የዘመናችን ፈጠራ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ቁልፍም እንዲሁ የኋላ ዘመን ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንሂድ። መርካቶ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፊ ገበያ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ገበያ» ማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ሰው ገበያ ብሎ ሰየመው። ዛሬ መርካቶ በተራ በተራ የተከፈለ ነው። ሸማ ተራ አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ፣ ሌላም ብዙ ተራ አለ። ሸማ ተራን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እሳት አጥቅቶት ነበር። ስለዚህ የድሮ አድራሻ ይዞ ከመንከራተት ጠይቆ መሄድ ይሻላል።

ለቁልፍ መጀመሪያ የልብስ ስፌት ዕቃ ወደሚሸጡት ይኬዳል። ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ገበር የሚሸጡት ማለት ነው። እዚያ ቁልፍ በጆንያ ነው ያለው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ያልያዝነው የለም» ይላችኋል። የኮታችሁን ጨርቅ ቁራጭና በወረቀት ላይ የተሳለ የቁልፍ ልክ ይዛችሁ ሂዱ። በአፍ መናገር አይበቃም። በቁልፍ ነጋዴዎች ዘንድ ልኩ በላይን ይነገራል። 40 ላይን አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። 24 ላይን 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለእኛ ኮት የሚስማማው ይህ ነው። 32 ላይን 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለዛሬ ኮት ነው።

ዋጋ ከአንድ ሱቅ አትስሙ። ሦስት ቦታ ጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ አስሉ። ኮቱ ከአንገት እስከ ጉልበት 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በየ4 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቁልፍ ቢሰፋ፣ ለፊቱ ብቻ 25 ቁልፍ ያስፈልጋል። ለእጅጌና ለኪስ 12 ጨምሩ። 37 ሆነ። አንዱ ቁልፍ 15 ብር ነው እንበል። 37 ጊዜ 15፣ 555 ብር ነው። ለአንድ ወንበዴ! የቀበሌ የቴአትር ቡድን ይህን ከየት ያመጣል?

ርካሹ መንገድ ሰልባጅ ነው። ብረት ቁልፍ ያለው አሮጌ ኮት አንዳንዴ ከቁልፎቹ ዋጋ ባነሰ ይገኛል። ቁልፉን ፈትቶ ጨርቁን ለሌላ ማዋል ነው። የመንግሥት ወይም የጦር ምልክት ያለበትን ግን ተዉት፤ ለሽፍታውም አይገባውም፣ ለእናንተም ጣጣ ያመጣል። በምልክት ነገር የመቅደላን ዘመን አስታውሱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ከወጉት የእንግሊዝ ጦሮች አንዱ 33ኛው ክፍለ ጦር ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር የማዕረግ ኮት ቁልፍ የክፍሉን ቁጥር ይዞ ነበር የሚሠራው። ቁልፉን ያየ ሰው ወታደሩ የማን እንደሆነ ያውቃል። የሽፍታ ቁልፍ ግን የማንም ምልክት የለበትም፤ ልሙጥ መሆን አለበት።

ቁልፉ የወርቅ ቀለም የተቀባ ላስቲክ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። ጥቁር የጫማ ቀለም ቀብታችሁ በጨርቅ ብትጠርጉት ብልጭታው ይሞታል። ከሩቅ አሮጌ ነሐስ ይመስላል። የለስላሳ ቆርኪም በጨርቅ ሸፍነው የሚጠቀሙ አሉ። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቆርኪ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለዚህ ኮት ይገዝፋል።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው የእንጨቱን ነው። አንድም ሳንቲም አይጠይቅም፣ ልክነቱም ከተገዛው ይበልጣል። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ውፍረቱ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሁን። እንደ ሽንኩርት በመጋዝ ክቡን ክቡን ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይወፍር። አንዱን ፊት በሞረድ እያሻችሁ ጉብ አድርጉት። ከዚያ ከኮቱ ጨርቅ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። የክቡን ዳር ዳር በመርፌ ሸልሉት። እንጨቱን ጉብታው ወደ ታች ሆኖ መካከል ላይ አስቀምጡ። ክሩን ሳቡ። ጨርቁ እንደ ቦርሳ አፍ ይሰበሰባል። የተሰበሰበውን በመርፌ አምስት ስድስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አጥብቃችሁ ቋጩት። ያ ቋጠሮ የቁልፉ እግር ነው፤ ኮቱ ላይ የሚሰፋው በሱ ነው። ስፌት የሚችል ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙውን ይጨርሳል።

የቀንድ ቁልፍም ይሠራል። የቀንድ ዋንጫ የሚሠራ ሰው ባለበት አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀንዱን ቀቅለው ውስጡን አጥንት ያወጣሉ። ቀንድ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መካከል ተጭኖ ይዘረጋል። ሲበርድ ተቆርጦ ይበሳል፣ በአሸዋ ወረቀትና በዘይት ይታሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በበሽታ የሞተ ከብት ቀንድ አትንኩ። አባ ሰንጋ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል። ዘሩ በቆዳ፣ በቀንድና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ለቁልፍ የሚሆነው የታረደ ጤነኛ ከብት ቀንድ ብቻ ነው።

ነሐስ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ምናለሽ ተራ ይሂድ። ቆራሌው በየሰፈሩ የሰበሰበው አሮጌ ዕቃ እዚያ ይደርሳል። የተሰበረ የቧንቧ መክፈቻ ነሐስ ነው፤ የተተኮሰ የጥይት ቀለህም ነሐስ ነው። ማፍሰሱን ግን ለአንጥረኛ ስጡ። መስቀል በሰም ቀርጾ የሚያፈስ ሰው ቁልፍ አያቅተውም። አንድ ቁልፍ በሰም ከነእግሩ ሠርታችሁ አሳዩት። ቤት ውስጥ ማቅለጥ አይገባም፤ የነሐስ ጢስ ሳንባ ይጎዳል፣ ያልተተኮሰ ጥይት ከተቀላቀለ ደግሞ ይፈነዳል። ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ የሚያቀልጡም አሉ፤ ቶሎ ይቀልጣልና ቀላል ይመስላቸዋል። እርሳስ መርዝ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አጠገብ የሚጫወቱትን ሕፃናት ነው።

ቁልፎቹ ሲያልቁ ወደ ኮቱ እንመለስ። ቀዳዳ ለመቅደድ አትቸኩሉ። የቀዳዳው ርዝመት የቁልፉ ስፋትና የቁልፉ ውፍረት ድምር ነው። ቁልፉ 15 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 5 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሩት። ከ25ቱ ውስጥ የሚቆለፉት ከወገብ በላይ ያሉት ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ለነሱ ብቻ ቀዳዳ ቅደዱ። ለቀሩት በክር የቀዳዳ መልክ ጥልፍ ይበቃል። ተዋናዩ በመድረክ ላይ የሚሮጥ ወይም የሚጣላ ከሆነ፣ በየቁልፉ ጀርባ ከገበር በኩል ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አድርጋችሁ አብራችሁ ስፉት፤ ቢጎተትም ኮቱን አይቀድም። ሁለት ሦስት ትርፍ ቁልፍ በኪሱ ውስጥ ይቀመጥ።