የስፌት ትርፍ

ሁለት ጨርቅ ተገጣጥሞ ሲሰፋ፣ ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጫፍ የሚቀር ጠባብ ክፍል አለ። ይህ የስፌት ትርፍ ነው። ትርፍ ይባል እንጂ የሚናቅ አይደለም። ካነሰ አቡጀዴው ክሩ እየተመዘዘ ይተረተርና ለአጨዳ ጎንበስ ሲሉ ብብቱ ላይ ይቀደዳል። ከልክ በላይ ከበዛ ደግሞ ልብሱ ይጠባል።

ስንት ይጠባል? እስቲ እናስላው። ለቀሚስ አራት ቁራጭ ጨርቅ ተዘጋጀ እንበል። ዙሪያውን ሲገጣጠም 4 ስፌት ይኖረዋል። አንዱ ስፌት ሁለት ጫፍ ስለሚይዝ ጫፎቹ 8 ናቸው። በየጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትርፍ ታስቦ ተቆርጦ ሳለ፣ ልብስ ሰፊው 2 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ ከየጫፉ ግማሽ ይጎድላል። 8 ጊዜ ግማሽ 4 ነው። ቀሚሱ በደረት በኩል 4 ሳንቲ ሜትር ጠበበ ማለት ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር እኮ የምስር ፍሬ ታህል ናት! ጨርቁ የተገዛው ግን ፍየል ተሸጦ ነው።

በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ፣ ልብስ ሰፊው በእግሩ የሚመታውን መኪና ሕዝቡ «ሲንጀር» ይለዋል። ሲንጀር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1851 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ስም ነው። መኪናው መብራት አይጠይቅም፤ ዘይት ካልተነፈገው ከአባት ለልጅ ያልፋል። ታዲያ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ከመርፌው በስተቀኝ የልክ መስመር ተጭሯል፤ በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ግን የለም። ስለዚህ ሰፊው በዓይኑ ይገምታል። የለመደ ዓይን ጥሩ ነው፤ ሲመሽና ሲደክም ግን ይስታል።

መስመሩን ራሳችን እናበጅ። መንኮራኩሩን በእጅ አዙረን መርፌውን ወደ ታች እናውርድ። ከመርፌው ወደ ቀኝ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሜትር እንለካ። የሜትሩ አንድ ፊት ኢንች ሊሆን ይችላልና ልብ እንበል፤ 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። በለካነው ቦታ ላይ የቁስል ፕላስተር ደራርበን፣ ቀጥ አድርገን እንለጥፍ። ከመርፌው ሥር ያሉትን ጥርሶች ግን እንዳይነካ! የጨርቁ ጫፍ ፕላስተሩን እንደ ግድግዳ ተደግፎ ይሄዳል።

ስንሰፋ ዓይናችን መርፌውን ሳይሆን ፕላስተሩን ይከተል። ጨርቁን አንጎትት፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ይወስዱታል። ብንጎትተው መርፌው ይጎብጣል፣ ይሰበራልም። አስቀድመን በብጣሽ ጨርቅ ሰፍተን እንለካው።

የሚያድግ ልጅ ልብስ ለብቻው ነው። በሁለቱ ጎን በየጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ቢተውለት፣ በዓመቱ ስፌቱ ተፈትቶ ልብሱ 6 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ይህን ለልብስ ሰፊው መንገር ግን መቀሱ ጨርቁን ሳይነካ ነው።